በጥምቀት ሰሞን ወደ ሀገሩ የገባው ባላባት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለከተራና ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው በዋዜማው ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ከጠዋት ጀምረው ሲያጥቡ ውለዋል፤ በየግቢው ገመድ ላይ ነጭ ልብስ ተሰጥቷል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት እናቶቻችን ዘንድሮም አልተሸነፉም። ከውጭ የመጡትም ገብተዋል። ከዋሽንግተን፣ ከሮም፣ ከዱባይ የመጣ ዘመድ የሌለበት ቤት በእኛ ሰፈር ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ቀን ማቀፍና ማልቀስ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን እንግዳው መንገዱን፣ ወረፋውንና የቀጠሮ አለማክበራችንን ማንሳት ይጀምራል። እኛ ደግሞ እናኮርፋለን። የሚናገረው እውነት ነው፤ የምናኮርፈውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ኩርፊያ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሰው አለ። እሱም ከውጭ የተመለሰ ነበር፣ የመጣውም በጥምቀት ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1828 ናፍፕሊዮ ከምትባል የግሪክ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ግሪኮች የቀን አቆጣጠራቸውን ገና ስላልለወጡ ጥምቀትን የሚያከብሩት ከእኛ ጋር በአንድ ሰሞን ነበር። በእነሱ ልማድ ካህኑ መስቀል ወደ ባሕር ይወረውራል፤ ወጣቶች እየዘለሉ ገብተው ያወጡታል። ጆቫኒ ካፖዲስትሪያ ተብሎ ተወልዶ ዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ ተብሎ የሚታወቀው ሰው ሃምሳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው፣ ለሰባት ዓመት የግሪክ ገዥ ሆኖ ተመርጦ መጣ። ሕዝቡ የባሕሩን ዳር ሞልቶ ጠበቀው። ከተማዋን ግን የጦር አለቆች በየምሽጉ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲተኳኮሱባት ከርመዋል። እኛ ዘመነ መሳፍንት የምንለው ጊዜ በእኛም ሀገር ያኔ ገና አላበቃም ነበርና ሥዕሉ አይከብደንም።

ሰውየው ባላባት ነው። የተወለደው በ1776 ኮርፉ በምትባል ደሴት ሲሆን ደሴቲቱን ለአራት መቶ ዓመት የገዛችው ቬኒስ ነበረች። የመኳንንቱ ስም የሚሰፍርበት «የወርቅ መጽሐፍ» የተባለ መዝገብ ነበር፤ የካፖዲስትሪያስ ቤተሰብ ስም እዚያ ውስጥ አለ፣ የኮንት ማዕረግም አላቸው። የቤተሰቡ መጠሪያ ራሱ ዛሬ ስሎቬኒያ ውስጥ ካለች፣ በጣሊያንኛ ካፖዲስትሪያ ከምትባል ከተማ የመጣ ነው። ልጁ ወደ ፓዱዋ ተልኮ ሕክምናን፣ ፍልስፍናንና ሕግን ተማረ። ሲመለስ በሕክምና ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሕጉና መንግሥቱ ወሰዱት። ቬኒስ በናፖሊዮን እጅ ከወደቀች በኋላ ሰባቱ የዮንያን ደሴቶች አንድ ትንሽ ሪፐብሊክ ሲሆኑ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የመንግሥት ጸሐፊ ሆነ፤ በ1803ቱ ሕገ መንግሥት ሥራም እጁ አለበት። ደሴቶቹ በ1807 ለፈረንሳይ ሲሰጡ ያ ሁሉ ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሩሲያ ተጠርቶ ሄደ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ የስዊዘርላንዱ ሥራው ነው። በ1813 ቄሳር አሌክሳንደር ቀዳማዊ ወደዚያ ላከው። ስዊዘርላንድ ያኔ የዛሬዋ የባንክና የሰዓት ሀገር አይደለችም፤ ካንቶን የሚባሉት ግዛቶቿ ሊፋጁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የበርን መኳንንት ቀድሞ የሚገዟቸውን ቮንና አርጋውን መልሰን እንግዛ ይላሉ፤ እነዚያ ደግሞ ነጻ ከወጣን በኋላ ማንም አይነካንም ይላሉ። ካፖዲስትሪያስ የመጣው የትልቅ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ነው፤ ማዘዝ ይችል ነበር። እሱ ግን የአንዱን ካንቶን ቅሬታ ሰምቶ ወደ ሌላው እየሄደ፣ ሰነድ አርቅቆ መልሶ እየቀደደ፣ ወራት ፈጀ። መኳንንቱንም ጭሰኛውንም ሰማ። በመጨረሻ ሃያ ሁለት ካንቶኖች በ1815 በአንድ የቃል ኪዳን ሰነድ ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የአውሮፓ ኃያላን የስዊዘርላንድን ገለልተኝነት በፊርማ አጸኑ። ይህን ያስገኘው እሱ ብቻ አይደለም፣ የእሱ ድርሻ ግን ትንሽ አልነበረም። የእኛ ሰዎች ሽምግልና የሚሉት ይህን ነው።

በዚሁ መካከል በቪየናው የአውሮፓ መንግሥታት ጉባኤ ተገኘ፤ ከ1816 ጀምሮም ኔሰልሮድ ከተባለ ሌላ ሹም ጋር በጥንድ የሩሲያን የውጭ ጉዳይ መራ። ግሪኮች በኦቶማን ላይ የሚያሴሩበት ምስጢራዊ ማኅበር መሪ ሁን ቢለው እምቢ አለ፤ ጊዜው አልደረሰም ብሎ ነበር። አብዮቱ በ1821 ሲፈነዳ ቄሳሩ ፊቱን አዞረ። ካፖዲስትሪያስም በሚቀጥለው ዓመት ሥልጣኑን ትቶ ጄኔቫ ገባና በቁጠባ እየኖረ ለተፈናቀሉ ወገኖቹ እርዳታ አሰባሰበ። በ1827 በትሮይዜን የተሰበሰበው ጉባኤ ገዥነቱን ሲሰጠው ይህን ሁሉ አውቆ ነው።

የተረከበው ሀገር ካዝናው ባዶ ነበር። በትክክል ለመናገር ካዝናውም የለም። ግብፅና ኦቶማን ያዘመቱት መርከብ ናቫሪኖ ላይ ከሦስት ወር በፊት ቢሰጥምም ጦርነቱ አላበቃም፤ ወላጅ አልባ ልጆች በየወደቡ ይንከራተታሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ወረርሽኝ በደሴቶቹ ታየ። ሐኪሙ ካፖዲስትሪያስ በዚህ ጊዜ ወደ ጥንቱ ሙያው ተመልሶ ወደቦችን ዘጋ፣ የመንገደኛ ማቆያ አቋቋመ። ኤጊና ደሴት ላይ ለመቶዎች ወላጅ አልባ ሕፃናት ትልቅ ማሳደጊያ አሠራ። መምህር ስላልነበረ ብርቱው ተማሪ ደካማውን የሚያስተምርበትን የትምህርት ዘዴ አስፋፋ። አውሮፓውያን እንደ አዲስ ግኝት ያወሩለት ነበር፤ የእኛ የቆሎ ተማሪ ቢሰማ «ይህማ የእኛው ነው» ባለ። ፊኒክስ የተባለ የብር ሳንቲምም አስመታ፤ ብር ግን አልነበረምና የተመታው ከአሥራ ሁለት ሺህ ገደማ አላለፈም። ገንዘቡ ለሕዝቡ ስሙ ደረሰው እንጂ ኪሱ አልገባም። ጉባኤው የመደበለትን ደመወዝ ደግሞ አልቀበልም አለ፤ ከራሱም ያለውን ጨመረ።

የድንቹን ወሬ ያነበባችሁ ትኖራላችሁ፤ ድንች አስመጥቶ ሕዝቡ አልበላም ቢለው ዘበኛ አቆመበት፣ ሕዝቡም «የሚጠበቅ ነገር ጥሩ ነው» ብሎ ሰረቀው የሚባለውን። ያው ወሬ ስለ ፈረንሳይም ስለ ፕሩሲያም ይተረካል፤ እኔ አላምነውም። ግን ሕዝቡ ስለ ገዥው ምን ያስብ እንደነበር ይነግረኛል። ለሕዝቡ አሳቢ ነው፣ ሕዝቡን ግን እንደ ልጅ ያያል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሕግ ሰው የነበረው ካፖዲስትሪያስ ገና ከመግባቱ የትሮይዜኑን ሕገ መንግሥት አሳገደ፤ በጉባኤው ቦታ እሱ የመረጣቸው ሃያ ሰባት አማካሪዎች ተቀመጡ። ሕገ መንግሥት የሚነበብበት ጊዜ አይደለም፣ አስቀድሞ ዳቦና ፀጥታ የሚል ክርክር ነበረው፤ ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ወንድሞቹን ቪያሮንና አውጉስቲኖስን ግን በትልልቅ ሥልጣን ሾመ። የየአውራጃውን ባላባቶች ናቀ፤ እሱ ራሱ ባላባት ነው፣ ግን የወርቅ መጽሐፍ ባላባት ነው፤ እነዚያ የገጠር ናቸው። ጋዜጣ ሲተቸው ጋዜጣውን አፈነ። «የሀገርን ሰርዶ በሀገር በሬ» የሚለውን ብሂላችንን የነገረው ሰው አልነበረም። በስዊዘርላንድ እንግዳ ስለነበር ጠየቀ፤ በግሪክ ባለቤት ነኝ ብሎ ስላሰበ መጠየቅ አላስፈለገውም። ወገኖቹን የሚያውቃቸው መሰለው። የሚያውቀው ግን ከሃያ ዓመት በፊት ትቶት የሄደውን ሀገር ነው፤ ያም ቢሆን ኮርፉ እንጂ ሞሪያ የሚባለው የደቡብ ግሪክ ምድር አልነበረም።

ሃይድራ የምትባለዋ የባሕርተኞች ደሴት በጦርነቱ መርከቦቿን አጥታ ነበርና ካሳ ጠየቀች፤ ጠብቂ ተባለች። በነሐሴ 1831 የጦርነቱ ጀግና አድሚራል ሚያውሊስ የመንግሥቱን መርከቦች ከነ ትልቋ «ሄላስ» ፖሮስ ወደብ ላይ አቃጠላቸው። ሀገር ያገኛቸውን ጥቂት መርከቦች ለሀገር በተዋጋው ሰው እጅ አጣች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት እቆያለሁ።

በደቡብ ደግሞ ማኒ አለ፤ ድንጋያማ፣ ድሀ፣ ደም መመለስ ሕግ የሆነበት አገር። የማኒ አለቃ የማቭሮሚካሊስ ቤት ሽማግሌ ፔትሮቤይ ለአብዮቱ ከመጀመሪያዎቹ የተነሣ፣ ወንድምና ልጅ የገበረ ሰው ነው። ቤተሰቡ በአዲሱ መንግሥት ላይ ሲያምፅ ካፖዲስትሪያስ ሽማግሌውን ናፍፕሊዮ አሰረው። አንድ የሩሲያ አድሚራል በመካከል ገብቶ ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ነበር ይባላል፤ ገዥው ሊያነጋግረው ከተስማማ በኋላ ሳይሆን ቀረ። ካንቶኖችን ሲያስታርቅ የከረመው ሰው አንድ እስረኛ ሽማግሌን ፊት ለፊት ማነጋገር እንዴት አቃተው?

በመስከረም 29 ቀን 1824 በእኛ አቆጣጠር፣ በዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 9 ቀን 1831፣ እሑድ ማለዳ ነበር። ካፖዲስትሪያስ ለቅዳሴ ወደ ቅዱስ ስፒሪዶን ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ስፒሪዶን በኒቅያ ከተሰበሰቡት ከሠለስቱ ምዕት አንዱ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል፤ ዐፅሙ ያረፈው ደግሞ ኮርፉ ነው፤ የደሴቲቱ ጠባቂ እሱ ነው። የኮርፉው ልጅ በባዕድ ከተማ የሀገሩን ቅዱስ ደጅ ሊሳለም ነው የሄደው። ከበሩ አጠገብ የፔትሮቤይ ወንድም ኮንስታንቲኖስና የራሱ የፔትሮቤይ ልጅ ጆርጆስ ቆመዋል። ሰላምታ ተለዋወጡ ይባላል። አንዱ ተኮሰ፣ ሌላው በጩቤ ወጋው። አጃቢው ባለ አንድ እጅ ቀርጤሳዊ ነበር፤ ጌታውን ማዳን ባይችልም ኮንስታንቲኖስን ተኩሶ መታው። ጆርጆስ ተይዞ በጦር ፍርድ ቤት ተረሸነ። በበሩ አጠገብ ያለው የጥይት ምልክት ዛሬም በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል።

ፊኒክሱ ብዙም ሳይቆይ በድራክማ ተተካ። ወንድሙ አውጉስቲኖስ ጥቂት ወራት ገዝቶ በ1832 ለቀቀ፤ በተከታዩ ዓመት ከባቫሪያ የመጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ንጉሥ ሆኖ ገባ። አውጉስቲኖስ ሲሄድ የወንድሙን አስከሬን ይዞ በመርከብ ወደ ኮርፉ ተመለሰ፤ ፕላቲቴራ በሚባለው ገዳም ቀበረው። ኮርፉ ግን ያን ጊዜ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች። ያንን ጥበቃ ያጸደቀው የ1815 ውል ሲደረግ በሩሲያ ወገን ከተቀመጡት አንዱ ራሱ ካፖዲስትሪያስ ነበር። ስለዚህ የግሪክ የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር የተቀበረው ከግሪክ ውጭ ነው። ደሴቲቱ ወደ እናት ሀገር የገባችው በ1864፣ እሱ በአፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ነገ ታቦታቱ ይወጣሉ። ከውጭ የመጣችሁ ጋቢያችሁን እንዳትረሱ፤ ሌሊቱ ይበርዳል። እኛም ቡናው እስኪደርስ ስለ መንገዱ የምትሉትን እንሰማለን።

መልካም ጥምቀት።