የቪትዙ በር ለምን ጨሰ?

ሐምሌ ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ መለስተኛ ጋራዥ ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ገባ። ባለቤቱ በጅማና በአጋሮ መካከል የሚመላለሱ የቡና ነጋዴ ናቸው። መኪናውን ለተቀበላቸው ልጅ ሦስት ነገር ነገሩት፦ የሹፌሩ በር ላይ ያለው የመስታወት ማብሪያ ሲጫኑት ይከረክራል፤ አንዳንዴ ጠበቅ አድርገው ካልያዙት አይሠራም፤ ዝናብ ከገባበት በኋላ ደግሞ ከበሩ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የሥራ ትእዛዙ ላይ የተጻፈው ግን «የሹፌር መስታወት ያስቸግራል» የሚል ብቻ ነበር። ሽታው ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ቀረ።

ወረቀቱ የደረሰው ተለማማጅ ማብሪያውን ሞከረ፣ መከርከሩን ሰማ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የሚረጭ ቅባት አንስቶ በማብሪያው ክፍተት ደጋግሞ ነፋበት። ማብሪያው ወዲያው ለሰለሰ። መስታወቱ ወረደ፣ ወጣ። መኪናው ተዘግቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አጋሮ መንገድ ላይ ከክንድ ማሳረፊያው ጭስ ተነሣ። ነጋዴው ዳር ይዘው ቁልፉን አጠፉ፣ ወረዱ፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ማብሪያው ግን ቀልጦ በስሩ ያለውን ፕላስቲክ ይዞት ሄዷል።

መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ተለማማጁ መጀመሪያ የከፈተው የፊውዝ ሣጥኑን ነው። «ጋሼ፣ ፊውዙ እኮ ደህና ነው» አለ። ዋናው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግራ አልገባውም፤ እንዲህ ያለ ቃጠሎ ፊውዝ አይነካም። ፊውዝ የሚበጠሰው ከአቅሙ በላይ ኃይል ሲያልፍበት ነው። ማብሪያው ውስጥ በቆሸሸ መንገድ 5 አምፔር ብቻ ቢያፈስ፣ በ12 ቮልት 60 ዋት ሙቀት ይሆናል። 20 አምፔር የሚችል ፊውዝ ይህን ከምንም አይቆጥረውም። 60 ዋት ግን አውራ ጣት በምታህል የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሲታፈን ያቀልጣል። ስለዚህ የተቃጠለ ሽታ ይዞ የመጣን መኪና «ፊውዙ ደህና ነው» ብሎ መመለስ አደገኛ ነው።

ማብሪያው ሲፈታ በሁለቱ የናስ መገናኛዎች መካከል ጥቁር የከሰል መስመር ተገኘ። ዙሪያው አረንጓዴ ዝገት ነው፤ በላዩ ላይ የተረጨው ዘይት ከመንገዱ አቧራ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆኗል። የጉዳቱ ሂደት ይህ ነው፦ ፋብሪካ ላይ የተቀባው ግራሶ ወጥ ካልሆነ ወይም ካነሰ መገናኛዎቹ እርስ በርስ ይፋጫሉ፤ ባለቤቱ ጣቱ ላይ የሚሰማው መከርከር ያ ነው። ሲፋጩ የብረት ብናኝ ይራገፋል። በክፍት መስታወት የገባ ዝናብ ብናኙን ሲያርሰው ኃይል የሚያሳልፍ ድልድይ ይሆናል። ድልድዩ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩን ያከስላል፤ የከሰለ ፕላስቲክ ደግሞ ራሱ ኃይል ያስተላልፋል። የሚረጭ ቅባት ጣት ላይ የሚሰማውን ምልክት ያጠፋል፣ ብናኙን ወደ መገናኛው ይገፋል፣ በውስጡ ያለው ማሟሚያም ተቀጣጣይ ነው።

ቶዮታ ይህን ጉድለት በግልጽ አሳውቋል። በ2012 እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር በዓለም ዙሪያ 7 ሚሊዮን 430 ሺህ ያህል መኪና በዚሁ በሹፌር በር ማብሪያ ምክንያት ሪኮል አደረገ፣ ማለትም በነጻ ሊያስተካክል መልሶ ጠራ። ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለዚሁ ማብሪያ ሌላ 6 ሚሊዮን 500 ሺህ ያህል ጨመረ፤ እነዚህ ከ2005 እስከ 2006 እና ከ2009 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የተመረቱ ናቸው። ጥገናው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፦ ማብሪያው ይፈተሻል፤ ጤነኛ ከሆነ ሙቀት የሚችል የፍሎራይን ግራሶ ይቀባል፤ አሠራሩ ከተበላሸ ክፍሉ ይቀየራል። ኩባንያው ገበያ ላይ የሚሸጥ ተራ ቅባት እንዳይጨመርበት፣ ከተጨመረ ማብሪያው ሊቀልጥና ሊጨስ እንደሚችል በ2012ቱ ማስታወቂያ አስጠንቅቋል። ተለማማጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ሪኮል ማጣራት እኛ አገር ቀጥተኛ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ መኪናው ከጃፓን ውጭ ላለ ገበያ የተሠራ ነው። ኤስ ሲ ፒ 90 ወይም ኬ ኤስ ፒ 90 ብሎ፣ ሰረዝ አድርጎ፣ በ7 አኃዝ የሚያልቅ ከሆነ ግን የጃፓን ገበያ መኪና ነው። ይህንን ቁጥር በአሜሪካው የሪኮል መፈለጊያ ድረ ገጽ ማስገባት ዋጋ የለውም፤ እዚያ የሚሠራው ባለ 17ቱ ብቻ ነው። የጃፓኑ የሚጣራው በቶዮታ ጃፓን የሪኮል መፈለጊያ ነው። ገጹ በጃፓንኛ ቢሆንም ስልክ ላይ ያለ መተርጐሚያ ይበቃል፤ ቁጥሩ ግን ከኮፈኑ ስር ካለው ሰሌዳ ፎቶ ተነሥቶ ይገልበጥ እንጂ ከሊብሬ ብቻ አይወሰድ።

አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ብዙ ቪትዞች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የመጡት። መሪው ሲዛወር የሹፌሩ በር ማብሪያም ከሌላ መኪና ተፈቶ የገባ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ «ጥገናው ተጠናቋል» ቢል እንኳ የተጠገነው ማብሪያ አሁን በሩ ላይ ያለው ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ ወረቀቱን ማመን ስህተት ነው፤ ማብሪያውን አውጥቶ ማየት ግድ ነው። ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ ማብሪያም እንዲሁ ነው፤ ከዚያው ዘመን ከተመረተ ያንኑ ጉድለት ይዞ ሊመጣ ይችላል። አዲስ ሲገዛ ቁጥሩ በ84820 መጀመሩን፣ የሶኬቱ እግሮች ብዛትና አደራደርም መግጠሙን አይቶ መግዛት ነው።

አሁን በዚያ ጋራዥ የመስታወት ማብሪያ ቅሬታ ሲመጣ አሠራሩ ተለውጧል። ተቀባዩ የባለቤቱን ቃል እንዳለ ይጽፋል፤ ይከረክራል ወይ፣ ይሸታል ወይ፣ ይሞቃል ወይ፣ ዝናብ ገብቶበታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሽታ ካለ የባትሪው ነጌቲቭ ሳይነቀል ማንም በሩን አይነካም። ሽታ ከሌለ መጀመሪያ ችግሩ የማብሪያው ወይም የሞተሩ መሆኑ ይለያል፦ የጋቢናው መስታወት በራሱ ማብሪያ ሠርቶ ከሹፌሩ በኩል እምቢ ካለ ጥፋቱ በአብዛኛው የሹፌሩ ማብሪያ ነው። ለሹፌሩ መስታወት ደግሞ ማብሪያው ተጭኖ በመገናኛው መግቢያና መውጫ መካከል በቴስተር ይለካል፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ መገናኛው ተበልቷል። ያከሰለ ማብሪያ አይጸዳም፣ አይቀባም፤ ይጣላል። የሚረጨው ቅባት ከኤሌክትሪክ ክፍሉ መደርደሪያ ወርዷል። መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ ግን ይጸዳል፣ ሲሊከን ይቀባል፤ ጎማው ሲጨብጥ ሞተሩ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ ያ ሁሉ የሚያልፈውም በማብሪያው ነው።

ማብሪያው ተቀይሮ መኪናው ሊወጣ ሲል ባለሙያው የሻንሲ ቁጥሩን ፈለገ። የማብሪያው ብቻ ሳይሆን የጋቢናው ኤርባግም ጥገናው ያልተሠራ ሆኖ ወጣ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው፤ ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል፣ አሞኒየም ናይትሬቱ፣ ለዓመታት በሙቀትና በእርጥበት ሲጎዳ፣ በግጭት ጊዜ ብረት ማቀፊያውን ሰብሮ ስብርባሪውን ሰው ላይ ሊረጭ ይችላል። ይህ ጋራዥ ውስጥ የሚፈታ ነገር አይደለም። «ሐጂ፣ ወኪሉ ዘንድ ቀርበው እስኪቀየር ድረስ ጋቢና ሰው አያስቀምጡ» አላቸው። ነጋዴው ልጃቸውን ከጋቢና አስነሥተው ከኋላ አስቀመጡ፤ የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ሊብሬው ውስጥ አጥፈው ከተቱ።