አዋሽ ፓርክ ለምትሄዱ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ስኮርታውን መሬት አስወርዱ

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ወጥቶ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላ አይቶ፣ ፏፏቴው ዳር ምሳውን በልቶ ማታ ይመለሳል። ክፋት የለውም። ይህ ጽሑፍ ግን ሦስት ቀን ላለውና የአዋሽ ወንዝን ገደል በእግር ወርዶ፣ ከአስፋልቱ በስተሰሜን የፈንታሌን ተራራ ታክኮ ፍልውሃ ድረስ ለሚዘልቅ ሰው ነው። ስታዲየም አካባቢ ቁጭ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ አቀድኩት። ካርታው፣ ምግቡ፣ ውሃው፣ መድኃኒቱ ሁሉ በወረቀት ላይ ነበር። ያላየሁት አንድ ዘንግ ነው፤ የተከራየሁት መኪና ስኮርታ፣ ማለትም መለዋወጫ ጎማ፣ የሚወርድበት።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ጥቁሩ አፈር መኪና ይይዛል፣ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የመግቢያው ክፍያ ለኢትዮጵያዊ፣ ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ስለሆነ መታወቂያችሁን በእጃችሁ ያዙ። በእግር ለመሄድም ፍልውሃ ለመድረስም ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዛችሁ ነው፤ መኪናውን እስከ መጨረሻው ወንበር አትሙሉት፣ ስንቅ ስትቆጥሩም እሱን ጨምሩ። ቦታው ከ1,000 ሜትር በታች ነውና ወባ አለ፤ አጎበር ያዙ። ፈንታሌ በ2017 ዓ.ም. መሬቱን ሰንጥቆ፣ የአዲስ አበባን ፎቆች ሳይቀር ያወዛወዘ እሳተ ገሞራ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ምን እያሉ እንደሆነ ተከታተሉ፤ መተሐራ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ደውሉለት።

ነዳጅ በስሌት ነው። ደርሶ መልስ 450፣ ፓርኩ ውስጥ 150፣ በድምሩ 600 ኪሎ ሜትር። ደብል ጋቢና ፒካፕ አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፣ ድንጋይ ላይ በከባድ ማርሽ ከ15 በላይ። ሰማንያ ሊትር የነዳጅ ታንክ ሞልታችሁ ብትወጡም ለጥቂት ነው የሚበቃችሁ፤ ስለዚህ አዳማ ላይ፣ ካልሆነም መተሐራ ላይ ሰልፉ አጭር ሆኖ ባያችሁበት ጨምሩ። ቴሌብራችሁ ላይ ገንዘብ ይኑር። ከአዳማ በኋላ ፈጣን መንገዱ ያበቃና ከጅቡቲ ከባድ መኪኖች ጋር መጋፋት ነው፤ ግመልም ይሻገራል። በጨለማ አትንዱት።

አሁን ወደ መኪናው።

አስፋልቱን ማንኛውም አውቶሞቢል ይሄደዋል፤ ኢላላ ሳላንም በበጋ ይሞክረዋል። የፍልውሃ መንገድ ግን ብዙ ቦታ ላይ ከፈንታሌ ፈሶ የረጋ ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ። አከራዩን ስኮርታ አለው ወይ ስለው ጎንበስ ብሎ ከኋላ ከሥር የተንጠለጠለውን ጎማ አሳየኝ። አለ። ክሪክ አለ። የጎማ መፍቻ አለ። ሊብሬውን፣ ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አገላብጬ አይቼ ፈረምኩ።

እንዲህ ባሉ ፒካፖች ላይ ስኮርታው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው። ሰንሰለቱን የሚያወርደው ከታርጋው አጠገብ ባለች ቀዳዳ ገብቶ የሚዞር ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ ተገጣጣሚ ነው፤ ከክሪኩ ጋር በአንድ ከረጢት ይቀመጣል፤ ጫፉ ልዩ ስለሆነ ያገኛችሁት ብረት አይተካውም። የኪራይ መኪና ላይ ደግሞ ቢጠፋ ማንም አያውቅም። ከተማ ውስጥ ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታው በራሱ መሣሪያ ይሠራዋል እንጂ ከረጢቱን ማን ይከፍታል? እኔም አልከፈትኩም። ከረጢቱን ጨበጥ አድርጌ ብረት መኖሩን አረጋገጥኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ጨበጥ ማድረጌ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ብቻ ነው። አስፋልት ስትለቁ ጎማ አስተንፍሱ የሚለውን ምክር ሰምቼ ከ35 ወደ 22 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) አወረድኩት። ምክሩ ለአሸዋ ነው። የተነፈሰ ጎማ መሬት ላይ ይሰፋል፣ ለአሸዋ ጥሩ ነው፤ ሲሰፋ ግን ጎኑ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ያበጠውን ጎን ድንጋዩ ያገኘዋል። ጥርሱ ላይ የግራር ወይም የፕሮሶፒስ እሾህ ቢገባ ከውጭ በሚሰካ የጎማ ክር በአምስት ደቂቃ ትደፍኑታላችሁ። ጎኑ ከተቀደደ ግን አበቃ፤ ጎሚስታም አያድነው። የእኔ የተቀደደው በጎኑ ነው፣ ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጥላ በሌለበት። ከረጢቱን ስንፈታ የክሪኩ ማዞሪያ አለ፤ የስኮርታው ዘንግ ግማሹ ብቻ። ጫፍ ያለው ግማሽ የለም።

ከመኪናው ሥር ገብተን ሰንሰለቱን የሚጠቀልለውን ዕቃ ከነብሎኑ ፈታነው። ብሎኑ የዓመታት ጭቃ በልቶታል። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስካውቱ ባይኖር ሦስት ይፈጅ ነበር፤ ክሪኩ አፈር ውስጥ ሲሰምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ያነጠፈው እሱ ነው። የወረደው ስኮርታም አየር የለውም ማለት ይቻላል፤ ያዳነን የእግር ፓምፑ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ክፍያም ፊርማም ሳይኖር፣ አከራዩ ግቢ ውስጥ፣ በዚያው መኪና መሣሪያ ብቻ ስኮርታው መሬት ላይ ይውረድ። ከዚያ አንዱን ጎማ ፈትታችሁ ስኮርታውን ግጠሙት፤ ዳዶዎቹ በአየር መፍቻ ከመጠን በላይ ተጠብቀው በእጅ አልፈታ የሚሉበት ጊዜ አለና። ሃያ ደቂቃ ነው። ‹‹አይቸገሩ፣ ሁሉም ተፈትሿል›› ካላችሁ ሌላ አከራይ ጋ ሂዱ። ሹፌር አብሮ ይሄዳል ማለቱም ዋስትና አይደለም፤ ሹፌሩም ከረጢቱን ከፍቶ አያውቅም። የመኪናውን ክሪክ የምታስቀምጡበት ወፍራም ጣውላ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ከቤት ያዙ። ለፍልውሃ ድንጋይ ከ30 በታች አታስተንፍሱ፤ በእግር ፍጥነት ንዱ። ከተቻለ ሁለተኛ ስኮርታ ተከራዩ።

የአምስቱንም ጎማ ዕድሜ አንብቡ። ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የተቀደደው ጎማ 1914 ይላል። የልጅ ኢያሱ ዘመን ማለት አይደለም፣ በ2014 19ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ያም ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ ፀሐይ የመታው ጎማ ነው። ጥርሱ ስላላለቀ አዲስ ይመስላል። ይህን ቁጥር አስቀድሜ ፎቶ ባለማንሳቴ አከራዩ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከመያዣዬ ቆረጠ። ውሉ ላይ ‹‹የጎማ ጉዳት በተከራይ›› የሚል መስመር አለ። ‹‹በጎማው ዕድሜ ተሰልቶ›› ብላችሁ በእስክሪብቶ አስጨምሩበት፤ እምቢ ካሉ ቢያንስ አምስቱን ቁጥር ውሉ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ገደሉን በሁለተኛው ቀን አድርጉት፣ በመጀመሪያው አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ አድራችሁ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ሁኑ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መውረድ ብትጀምሩ ከአራት ሰዓት በፊት አፋፉ ላይ ትመለሳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ድንጋይ ሙቀቱን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይተፋል፣ ዳገቱም ያኔ ነው የሚጠብቃችሁ። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ በቂ ነው ይባላል። እኔ ስድስት እላለሁ፣ ግማሹ መኪናው ውስጥ ቀርቶ። ታች ወንዙ ቡናማ ነው፣ አዞ አለበት፤ ፊት ለመታጠብም ቢሆን አትጠጉ። ፍልውሃ ላይም ዘምባባው ሥር ያለው ሰማያዊ ኩሬ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ምንጩ አጠገብ ያለው ይጠብሳል። የአካባቢው ሰው ልብሱን ያወለቀበትን ኩሬ ምረጡ።

ዘንጉን በኋላ ሶማሌ ተራ ፈልጌ ገዛሁት። የአከራዩን መኪና ብመልስም ዘንጉን አልሰጠሁትም፣ አልጋዬ ሥር ነው። የቆረጠውን ብር ሲመልስ ይወስደዋል።