ኮዱ ተመለሰ፣ ዳታው ግን ቀረ

የጥምቀት ሰሞን ነበር። የምሠራበት ድርጅት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በድረ ገጽ ይሸጣል። በዚያ ሳምንት ወደ ጎንደር የሚሄደው ሰው ልክ የለውም። እኔ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አዲስ አፕዴት ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። የደንበኞች ስልክ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው እንደተጻፈ ነው፤ አንዱ በ09፣ ሌላው በ+251 ይጀምራል። ኮዴ አዲስ ኮለም (የዳታቤዙ ሠንጠረዥ ዓምድ) ይፈጥራል፣ ቁጥሮቹን ወደ +251 እያስተካከለ ይገለብጣል፣ ከዚያ አሮጌውን ኮለም ያጠፋል። ስቴጂንግ (የመሞከሪያ ሰርቨራችን) ላይ ሞክሬው ሠርቷል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የደንበኞች አገልግሎት ባልደረባችን መጣች። "ምን ነክታችሁ ነው? ሰው ብር ተቆርጦብኛል፣ ትኬት ግን አልደረሰኝም እያለ ነው።" ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ ስህተቶችን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ፤ ቀይ በቀይ። የወደቁት ቁጥሮች ሁሉ በ07 ይጀምራሉ። ለሙከራ ያስገባኋቸው የእኔና የጓደኞቼ ቁጥሮች ነበሩ፤ ሁሉም 09። የሳፋሪኮም ደንበኛ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

አልደነገጥኩም፣ ሮልባክ (ወደ ቀድሞው ኮድ መመለሻ) አለን። እያንዳንዱ ሪሊዝ (የተጫነ የኮድ ዕትም) የራሱ ፎልደር አለው። ሳይቱ የሚያነበው አንድ ሊንክ የሚያመለክተውን ፎልደር ነው። ሊንኩን ወደ ቀድሞው ማዞር የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። አዞርኩት። ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርግ ነጭ ሆነ። 500፣ የሰርቨር ስህተት።

ያኔ ላብ አሰመጠኝ። አሮጌው ኮድ የሚፈልገው አሮጌውን ኮለም ነው። እሱን ደግሞ አጥፍቼዋለሁ። ቅድም ትኬት ያጡት ባለ07ዎቹ ብቻ ነበሩ፤ አሁን ማንም መግዛት አይችልም።

የሌሊት ባካፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረን። እጄ ወደዚያ ሲሄድ አለቃዬ ያዘኝ። "ተው! እሱን ከመለስክ የዛሬው ሽያጭ በሙሉ ይጠፋል።" ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አሮጌውን ኮለም እንደገና ፈጠርን፣ ከአዲሱ ገለበጥን። ባካፑን ሌላ ዳታቤዝ ላይ ከፍተን የጠፉትን የ07 ቁጥሮች ከዚያ አመጣን። የዕለቱን ከክፍያ መዝገቡ ለቀምን። ሳይቱ ከ40 ደቂቃ በኋላ ተነሣ። ከፍለው ትኬት ላልደረሳቸው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ በአንድ ደወልኩ። አንዲት እናት ትኬቱን አልፈለጉም። "ልጄ፣ ብሬን ብቻ መልስልኝ" አሉኝ። ድምፃቸው እስካሁን አይለቀኝም።

በዚያው ሳምንት ናይት ካፒታል ስለተባለው አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ የአሜሪካ ድርጅት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲሱ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ብቻ ተጫነ። አንዱ ተረሳ፤ የተረሳው ላይ የነበረ አሮጌ ኮድ ነቅቶ ያልታሰበ ግዢና ሽያጭ ጀመረ። ችግሩን እናስተካክል ብለው አዲሱን ኮድ ከ7ቱ ሲያነሱት፣ አሮጌው በሁሉም ላይ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። እነሱንም ያባሰባቸው መመለሱ ነው። ኮድ ወደ ኋላ ሲሄድ ዙሪያው ያለው ሁሉ አብሮት አይሄድም።

አሁን መጀመሪያ የምንጨምረው አዲሱን ኮለም ብቻ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ኮዱ አሮጌውም አዲሱም ኮለም ላይ ይጽፋል። ስቴጂንግ ላይ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም እንሄዳለን፤ አዲሱን ጭነን፣ ትኬት ሸጠን፣ አሮጌውን መልሰን፣ እንደገና ሸጠን እናያለን። በበዓል ሰሞን ደግሞ ምንም አንጭንም።

የስልክ ኮለሙን በዚህ መንገድ እንደገና ሠራነው። አሮጌውን ያጠፋነው ከፋሲካ በኋላ ነው።