የፋሲካ ዕለት ሽሮ

ከዋሽንግተን የመጣችው የአክስቴ ልጅ ትናንት በፋሲካ ምሳ ላይ፣ እናቴ አባቴ ካረፈ ወዲህ ለእንግዳ የምታወጣውን ፈረሰኛ ገና እንጀራዋ ላይ ሳታሳርፈው፣ «እቴቴ፣ እኔ እኮ ሥጋ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለቻት። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ቀጥላም የቀን ቆጠራ ስሕተት ይመስል «ልጄ፣ ጾሙ እኮ ሌሊት ተፈቷል» አለች። «ለጾም አይደለም» የሚለው መልስ ምንም አላስረዳትም። ጓዳ ገብታ በዘይት ሽሮ ሠራችላት፤ ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ብቅ ስትል ግን የሽሮዋን ድስት ከዶሮው ድስት ኋላ ስትሸሽጋት አየሁ።

መሸሸጉን የት እንደለመደችው አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት የአባቴ ደመወዝ ተቋርጦ ቅርጫ ሳንገባ ቀረን። ሰፈሩ በሬውን መደብ በመደብ ሲካፈል፣ እናቴ የቁሌቱ ሽታ ለመንገደኛው የሥጋ ወጥ እንዲመስል የጓዳውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ሽንኩርት ታቁላላ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሥጋ የማዕረግ መለኪያ የሆነው ዛሬ አይደለም፤ በነገሥታቱ የግብር አዳራሽ ብርንዶው የሚቀርበው በማዕረግ ተራ ነበር፣ ከዶሮ 12 ብልትም ለማን ምን እንደሚወጣ የታወቀ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ግን፣ የሀብታሙ ላይ ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ቢጨመርበትም፣ የሁሉም ማዕድ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ስለሆነ በሽሮ የሚያፍር የለም። ማፈር የሚመጣው ጾሙ በተፈታበት ቀን ነው።

የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ የእኛ የጾም በያይነቱ ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል ስለማይነካው፣ እዚያ ስለ ሁዳዴ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ፈልገው መጥተው ይበሉታል፤ ሥጋ አልበላም ማለትም የተማረና ስለ ጤናው፣ ስለ እንስሳትና ስለ አየር ንብረት የሚያስብ ሰው መታወቂያ ሆኗል። ቦሌም ይህንኑ የሚከተሉ አልጠፉም። ለእንስሳት ማዘኗን አልጠራጠርም። የከነከነኝ፣ ሥጋ በመተው የሚከበረው ሥጋ መግዛት እንደሚችል የታወቀለት ሰው ብቻ መሆኑ ነው፤ እኔ ያን ዓመት «ቪጋን ነን» ብዬ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር።

ፈረሰኛውን እናቴ ማታ ለግቢው ጥበቃ ወሰደችለት። እንግዳዋ ሳትበላው እንደቀረች ግን አልነገረችውም።