ፎርም መስሎን የነበረው ፕሮግራም

የድርጅታችን የግዢ ጥያቄ፣ የውል ማጽደቂያና የወጪ ማወራረጃ በሙሉ የሚሄደው በአንድ አሮጌ ሲስተም ነበር። ዋናው ፕሮግራም በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፈ ነው። ፎርሞቹ ደግሞ በላይቭሳይክል ዲዛይነር፣ ማለትም በአዶቤ የፎርም መሥሪያ ፕሮግራም፣ የተሠሩ ፒዲኤፎች ናቸው። ሠራተኛው ይሞላል፣ "ላክ" የምትለዋን ይጫናል፣ ፎርሙ መረጃውን በኤክስኤምኤል (እያንዳንዱ መረጃ ስሙ ተለጥፎበት በሚጻፍበት የጽሑፍ ቅርጽ) ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ለዓመታት ሠርቷል። የሚሠራ ነገር አይነካም ይባል የለ? ማንም አልነካውም።

ጣጣው የመጣው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲገቡ ነው። ፒዲኤፍ በብራውዘር መከፈት ጀመረ። ፎርሙ ሲከፈት የሚታየው "እባክዎ ይጠብቁ" የሚል አንድ ገጽ ብቻ። ሰው ይጠብቃል፣ ምንም አይመጣም። "ፋይሉ ተበላሽቷል" እያሉ የሚደውሉ በዙ። ፋይሉ ግን ደህና ነው። እነዚህ ፎርሞች ኤክስኤፍኤ በሚባል ስልት የተሠሩ ናቸው። ፒዲኤፉ ሽፋን ነው፤ ዋናው ፎርም ውስጡ የተቀመጠ ኤክስኤምኤል ነው። ያንን ማንበብ የማይችል ፕሮግራም የሚያሳየው ሽፋኑ ላይ ያለውን መልእክት ብቻ ነው።

ኤክስኤፍኤ የመጣው ጄትፎርም ከሚባል ኩባንያ ነው። ኩባንያው ስሙን ወደ አክሴሊዮ ቀየረ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አዶቤ ገዛው። ከዚያም በ2003 በፒዲኤፍ 1.5 ውስጥ ገባ። በ2017 የወጣው የፒዲኤፍ 2.0 ደረጃ ግን ጊዜው እንዳለፈበት ነገር መደበው። ፋየርፎክስ ከ2021 ጀምሮ እነዚህን ፎርሞች መክፈት ስለቻለ "በቃ ፋየርፎክስ እንጫን" ያሉ ነበሩ። ጊዜ ለመግዛት ጠቅሞናል። እድሜ ልክ የሚያኖር መፍትሔ ግን አልነበረም።

ሁሉም ያሰበው ፎርሞቹን በድረ ገጽ መልክ ደግሞ መሳል ነው። እኔ መጀመሪያ ውስጣቸውን እንይ አልኩ። መቼም ፎርሙን በዲዛይነሩ ከፍቶ ኤክስዲፒ በሚባለው ቅርጽ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ የሚወጣው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የዲዛይን ፋይሉ የጠፋባቸውን ኪውፒዲኤፍ በሚባለው ነጻ መሣሪያ ፈታኋቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ስክሪፕት፣ ማለትም ፎርሙ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ፕሮግራም፣ ለቅሜ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባሁ፤ የትኛው ሳጥን ላይ እንዳለ፣ ፎርሙ ሲከፈት ነው ወይስ ሂሳብ ሲሠራ የሚነሳው፣ ምን ይሠራል። ግማሹ በጃቫስክሪፕት፣ ግማሹ ፎርምካልክ በሚባል የፎርሞቹ የራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። ከፕሮጀክቱ ሁሉ የጠቀመን ግን እሱ ነው።

ለምሳሌ የግዢ ጥያቄውን ልንገራችሁ። ፎርሙ ላይ የሁለተኛ ፊርማ ክፍል አለ። ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን አይታይም፤ ከገደቡ ሲያልፍ ብቅ ይላል። ገደቡ የት ነው የተጻፈው? ዳታቤዙ ውስጥ የለም። ዋናው ፕሮግራም ውስጥም የለም። ከጠቅላላ ድምር ሳጥን ጀርባ በተቀመጠች አጭር ስክሪፕት ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ስለ ሁለተኛ ፊርማ ወሬም የለው፤ የመጣለትን ይቀበላል። ፎርሙን መልኩን ብቻ አይተን ብንሠራው ኖሮ ትልልቅ ግዢዎች በአንድ ፊርማ ያልፉ ነበር።

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። ፎርምካልክ ቀንን ወደ ቁጥር ሲቀይር ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ይጀምራል። ማርች 15 ቀን 1996 ለእሱ 35138 ነው። ኤክሴልም የሚጀምረው ከዚያው ቀን ነው። ግን 1900ን ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት አድርጎ ስለሚቆጥር ያንኑ ቀን 35139 ይለዋል። ይህ ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የቀድሞ የሰንጠረዥ ፕሮግራም ጋር እንዲጣጣም ተብሎ የተተወ የቆየ ስህተት ነው። የእኛ ፎርም የመክፈያ ቀንን በቁጥር ነበር የሚልከው። ሂሳብ ክፍል ደግሞ ቁጥሩን ወደ ኤክሴል ይገለብጣል። ሁልጊዜ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ለአንዲት ባልደረባዬ ይህን ሳነሳ "እሱማ የታወቀ ነው፣ አንድ እንደምርበታለን" አለችኝ። እውነትም ፋይላቸው ውስጥ አንድ የምትደምር ቀመር አለች። እኛ ቀኑን አስተካክለን ብንልክ እነሱ ያበላሹታል! ስለዚህ ፎርሙንና ቀመሯን በተመሳሳይ ዕለት ቀየርን።

ምትክ ስንመርጥ አክሮፎርምንም አይተናል። ከ1996 ጀምሮ ያለው፣ ብዙ ፕሮግራም የሚከፍተው የፒዲኤፍ ፎርም ነው። ግን ዕቃ በጨመሩ ቁጥር የሚረዝም ሰንጠረዥ አይሆንለትም፤ ገጹ እንዳለ ነው። ስለዚህ መሙያው የድረ ገጽ ፎርም ሆነ። ሕጎቹ በሙሉ ወደ ሰርቨሩ ሄዱ። ፒዲኤፍ የሚወጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ለመዝገብ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሆን ብዬ አልነካሁም፤ ፎርሙ የሚልከውን የኤክስኤምኤል ቅርጽ። ከቀን ቁጥሩ በስተቀር አዲሱ ፎርም እንደ አሮጌው አድርጎ ይልካል፣ የሳጥን ስሞቹን ከነአጻጻፍ ስህተታቸው ጨምሮ። ያስቃል፤ ግን ቪዥዋል ቤዚኩ ለውጡን ሳያውቅ አንድ አንድ ፎርም እያወጣን መተካት ቻልን። የእሱን ተራ በኋላ አመጣነው። ሁሉን በአንዴ እንገልብጠው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እኔ ከእሱ ጋር አልስማማም።

ለሙከራ የተጠቀምንበት ድሮ የተላኩትን የኤክስኤምኤል ፋይሎች ነው። ሰርቨሩ ሁሉንም አስቀምጧቸው ነበር። በአዲሱ ሕግ እንደገና አስልተን ከአሮጌው ውጤት ጋር አነጻጸርን። ልዩነት በታየ ቁጥር የሥራውን ባለቤት ጠየቅን። "አሮጌው ነው የተሳሳተው" የተባለባቸው ጊዜያትም ነበሩ።

ሠራተኞች ግን ያማረሩት ስለ ሕግ አልነበረም። "ያምራል፤ ግን እጄን ያደክማል" አለኝ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የሚያስገባ ልጅ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ማውስ አይነካም። አሮጌው ፎርም ላይ ታብ ሲጫን ከመጠን ወደ ዋጋ ይሄድለታል፤ የእኛው መሃል ላይ አንድ የማትሞላ ሳጥን ላይ ይቆማል። የታብ ቅደም ተከተሉን ከአሮጌው ፋይል ወስጄ አስተካከልኩለት። ቅሬታው በዚያው ቆመ።

የቀረው ማህደሩ ነው። ተሞልተው የተቀመጡትን ፎርሞች የሚከፍት ፕሮግራም በእጃችን እያለ ወደ ፒዲኤፍ/ኤ ቀየርናቸው። ይህ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የወጣ ደረጃ ኤክስኤፍኤን አይቀበልም፤ የሚታየውን ገጽ ብቻ ይይዛል። ዲጂታል ፊርማ ያለባቸው ግን አስቸገሩ። ፋይሉ ሲቀየር ፊርማው ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ቅጂውን ለማንበቢያ፣ ዋናውን ደግሞ ለማስረጃ ጎን ለጎን አስቀመጥን። ዋናዎቹን የሚከፍት አንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ከኔትወርክ ተቆርጦ፣ ባክአፕ ተይዞለት አለ። የመጨረሻው የተፈረመ ውል መቀመጥ ያለበት ጊዜ ሲያልቅ ማሽኑ ይጠፋል።