እሸቱን ቀድሞ የቀመሰው ማን ነው?

ከማና እስከ ደዶ፣ ከሰቃ እስከ ቀርሳ፣ ጅማ ዙሪያ ጓሮ ያለው ሰው ነሐሴ ሲገባ ጠዋት ጠዋት የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሌሊት የገባው ማን ነው? የወደቀ የበቆሎ አገዳ የታየ እንደሆነ አብዛኛው ሰው «ዝንጀሮ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ጠባቂ ያስቀምጣል፤ አጥፊው ግን ሰው ሲተኛ ነው የሚመጣው። አጥር ከማጠርም ወጥመድ ከማጥመድም በፊት ወድቆ የተገኘውን አገዳ አንስቶ የጥርሱን ምልክት ማየት ይቀድማል።

ዝንጀሮ የቀን ሌባ ነው። ጤዛው ሳይረግፍ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይገባል፣ አገዳውን ሰብሮ ሽፋኑን ይልጣል፣ ትንሽ ገምጦ ይጥልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከሚበላው የሚያበላሸው ይበልጣል። ጦጣ ቀላል ስለሆነች አገዳ ብዙም አትሰብርም፤ እሸቱን ነቅላ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ቆረቆንዳውም ዋንዛው ሥር ተጥሎ ይገኛል። ጃርት ሌሊት ነው። አገዳውን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ በጥርሱ ይቆርጠዋል፤ ቁርጡ ላይ የሰፋፊ ጥርሶች ፋቅ ይታያል፣ አንዳንዴም እሾሁን ጥሎ ይሄዳል። የዱር አሳማ በመንጋ ሆኖ በሌሊት ሲገባ ሰፊ ቦታ ይደፈጥጣል፣ አፈሩንም በአፍንጫው ይገለብጣል። ጉሬዛ እዚህ ክስ ውስጥ አይገባም። ቅጠል በሊ ነው፣ ውሎው ዛፍ ላይ ነው፤ ከዝንጀሮ ጋር በአንድ ላይ መውቀስ ግፍ ነው።

ዝንጀሮን በተመለከተ ዋናው ነገር አለማስቀመሱ ነው። አንዴ የቀመሰ መንጋ በነጋታው ይመለሳል፣ ስለዚህ ጥበቃው ፍሬው ሳይጠነክር መጀመር አለበት። ማማው መሐል ማሳ ላይ ሳይሆን ጫካው በሚጠጋበት በኩል ይሠራል፤ ጠባቂው ተቀምጦም ከበቆሎው በላይ ማየት ስላለበት መደቡ ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። በጫካውና በማሳው መካከል ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ቁጥቋጦ ቢመነጠር መንጋው ተሸሽጎ መግባት አይችልም፤ ይህ ብቻውን ከወንጭፍ ይበልጣል። አሮጌ ኮት የለበሰ ማስፈራሪያ የሚሠራው ለጥቂት ቀን ነው፤ ቦታው ካልተቀያየረ ወፍ ይቀመጥበታል። በርበሬን ዝንጀሮ ስለማይደፍረው በጫካው በኩል ያለውን ጥግ በርበሬ ቢይዘው ጥሩ ነው። የሚያሳዝነው ጥበቃው የሚከብደው ልክ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት መሆኑ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ተራ ገብቶ ካልጠበቀ ማማ ላይ የሚቀረው ልጅ ነው።

የተረፈው እሸት ምን እንደሚሆን የሚወስነው ጥፍር ነው። ፍሬውን በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ወተት ፊጭ ካለ ለቅቅል ደርሷል። ሊጥ የመሰለ ወፍራም ነገር ከወጣ ለጥብስና ለእሸት ዳቦ ነው። ምንም ካልወጣ አልፎበታል፤ ይድረቅና ጎተራ ይግባ። ለቅቅል ውስጠኛውን ስስ ሽፋን ሳይልጡ ውሃ እስኪሸፍነው ሞልቶ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ማፍላት ይበቃል። ዋናው በተቆረጠበት ቀን መቀቀሉ ነው፤ አድሮ የተቀቀለ እሸት ስኳሩ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ ጣዕሙ አፈር አፈር ይላል።

የእሸት ዳቦ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተፈለፈለው ፍሬ በደንብ ይፈጫል። ለ2 ኪሎ ፍጭ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል፤ ውሃ አይጨመርም። ትንሽ መኮምጠጥ የሚወድ ሌሊቱን ከድኖ ያሳድረዋል። ኮባው እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ እሳት ላይ ለብ ለብ ተደርጎ ይለዝባል፣ ከዚያ ምጣዱ ላይ በድርብ ይነጠፋል። ሊጡ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፈስበትና በኮባ ተሸፍኖ ይከደናል፤ ክዳኑ ላይም ፍም ይደረጋል። ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ገና ወተት የሆነ እሸት መፍጨት ነው፤ መሐሉ ገንፎ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ሊጥ ሳይጋገር በፊት ለአንድ ኪሎ ሁለት እፍኝ የደረቀ በቆሎ ዱቄት ቢገባበት ይያያዛል። ሁለተኛው ከሥር የሚነድ እሳት ነው፤ ታቹ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ነበልባል ሳይሆን ፍም ይሁን።

ኮባ ስንል፣ እንሰቱ ያለ ነፋስ ካዘነበለና ሲገፉት እንደ ላላ እንጨት ከተወዛወዘ ሥሩን ፍልፈል በልቶታል። አጠገቡ ትኩስ የአፈር ቁልል ይኖራል። የቀረውን ቶሎ መፋቅ ነው፤ ቢጠብቁት ይበሰብሳል።

ጎደሬ የጃርት ወዳጅ ነው፣ ለማያውቀው ሰው ደግሞ የጉሮሮ ጠላት። ውስጡ ያሉት እንደ መርፌ የሾሉ የኦክሳሌት ቅንጣቶች ጥሬውን ሲነኩት እጅን፣ ሳይበስል ሲበሉት ምላስንና ጉሮሮን ይወጋሉ። ስለዚህ አፈሩ ታጥቦ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ እንደ መጠኑ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ቢላ ያለ ትግል እስከ መሐሉ ሲገባ በስሏል ማለት ነው። የተቀቀለበት ውሃ ይደፋል፣ ወጥ ውስጥ አይገባም። ጥሬውን መላጥ ግድ ከሆነ እጅ ይደርቅና ዘይት ይቀባል፤ እርጥብ እጅ ማሳከኩን ያባብሰዋል። በልተው ጉሮሮ ከከረከረ ጥፋቱ የዘሩ ሳይሆን የእሳቱ ነው፤ ይመለስና ይፍላ። በአይብና በጎመን፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ነካ ተደርጎ ሲቀርብ ከእንጀራ የሚያስመርጥ ምግብ ነው። ጃርቱን በተመለከተ ጎደሬውን በአንዴ ነቅሎ ቤት መከመር መፍትሔ አይደለም፤ ከመሬት ከወጣ ረጅም አይቆይም። ጃርት የለመደበትን መንገድ አይተውም፣ ስለዚህ ቀዳዳውን ፈልጎ ከሥሩ በድንጋይ መድፈን ይሻላል። ከላይ ብቻ የታጠረ አጥር ለእሱ አጥር አይደለም፤ ቆፍሮ ይገባል።

ከዶሮ ቤት ጠዋት ሦስትና አራት ዶሮ አንገቷ ተነክሶ ከተገኘ፣ ከዚያ ውስጥ የተበላችው አንዷ ብቻ ከሆነች፣ ሸለምጥማጥ ነው የሚጠረጠረው። ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል። ስለዚህ የወንፊት ሽቦው ቀዳዳ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም፤ ከጣሪያና ከግድግዳ መካከል ያለው ክፍተትም ይደፈናል፤ ብዙ ሰው በሩን ቆልፎ እሱን ይረሳዋል። ቤቱ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው፣ እግሮቹም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ። ይሄኛው ለሸለምጥማጥ ሳይሆን ለጉንዳን ነው።

ጉንዳን በክረምት መስመሩን ይዞ ሲመጣ አይቆምም። የተቆለፈባት ዶሮ ማምለጫ ስለሌላት ትሞታለች፣ ጫጩት ደግሞ ወዲያው ነው። መጀመሪያ ከመደብ ላይ የተኛ ሕፃን ይነሳል፣ ከዚያ የዶሮ ቤቱ በር ይከፈታል፣ ከዚያ ሌላው። አመድ መነስነስ ይረዳል፣ ግን ደረቅ ሲሆን ብቻ፤ ዝናብ የነካው አመድ ለጉንዳን አስፋልት ነው። ቤቱን ለቆ ላሳለፈው ሰው ጥቅምም አለው፤ በረሮውንና የአይጥ ግልገሉን ጠርጎ ይሄዳል።

ጥቅምት ላይ ቡና ሲቀላ ጥርኝ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው እሱ ሳይሆን አንድ ቦታ እየተመላለሰ የሚጥለው ፍግ ነው፤ ውስጡ የቡና ፍሬ አለበት። ይህን ከኢንዶኔዥያው ውድ የሉዋክ ቡና ጋር የሚያመሳስሉ አሉ፤ ያኛው እንስሳ ሌላ ዝርያ ነው። ከፍጉ የወጣውን ፍሬ ከለቀማው ጋር መቀላቀል ቡናውን ማስጠላት ነው። የእኛው ጥርኝ ስሙ የተነሳው ለሽቶ በሚሆነው ቅባቱ፣ በዝባድ ነው፤ እዚሁ አካባቢ ወንዱን በቀፎ አስቀምጠው ገንፎና ሥጋ እያበሉ ዝባዱን እየጠረጉ በቀንድ አጭቀው ሲሸጡ ኖረዋል። ሌሊት ድንገት ቢያጋጥም ቆሞ ማሳለፍ ነው፤ ሰው አያሳድድም።

ኅዳር በቆሎው ሲታጨድ ትልቁ ችግር እርጥበት ነው። በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ላይ ይሰጣል። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በፍሬ ይሞላል፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመራል፣ ተከድኖ በደንብ ይናጣል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ጎተራ ቢገባ ይሻግታል። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው የፎስቶክሲን ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይገባም፤ የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል። በአይጥ በኩል የጎተራው እግሮች ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆርቆሮ መጠቅለል ብልሃት ነው።

አይጥ ያለበት ቤት እባብ ይከተላል። ጎተራ ውስጥ እጅ ከመክተት በፊት በዱላ መቆስቆስ ልማድ ይሁን። መርዝ የሚተፋው እባብ መርዙን ዓይን ውስጥ ካደረሰ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው። የነከሰ ከሆነ አይበጣም፣ አይመጠጥም፣ በገመድም አይታነቅም፤ ቀለበትና አምባር ይወልቃል፣ የተነከሰው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፋል፣ ሰውዬው ሳይሮጥ በሸክም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ውሻ፣ ጦጣ ወይም ቀበሮ ከነከሰ ደግሞ ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይኬዳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ክትባቱ አያድንም።