ጽሕፈቷን አላውቀውም

ዛሬ ማታ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ዝም ብሎ የሚደብር ቀን አለ አይደል? እንደዚያ።

ሰበቡ ምናልባት እሷ ናት። (ጓደኛዬን ማለቴ ነው።) አመሻሽ ላይ አንድ ነገር ጽፌላት «እሺ።» ብላ መለሰችልኝ። እሺ፣ ከነአራት ነጥቧ። ይህቺ ልጅ ነጥብ አድርጋ አታውቅም። አንዱን ዐረፍተ ነገር አምስት ቦታ ቆራርጣ የምትልክ፣ ሳቋን በ«ሃ» ብዛት የምትለካ ሰው ናት። አብዛኞቻችን ነጥብ ካስፈለገን እንኳ ሁለት ነጥቧን ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርገን እናልፋለን። እሷ ግን እውነተኛዋን አራት ነጥብ ከኪቦርዱ ጓዳ ፈልጋ አውጥታ አስቀመጠችልኝ። ሰው ካልተቀየመ ይህን ያህል ይለፋል?

እንቅልፍ እምቢ አለኝና ጎግል ውስጥ ገባሁ። ለካ ጉዳዩ ተጠንቷል! በፈረንጆቹ 2015 ኒውዮርክ ያለው የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 126 ተማሪዎችን አጫጭር የቴክስት ምልልስ አስነብበዋል። በነጥብ የተዘጋው መልስ ነጥብ ከሌለው ይልቅ ከልብ ያልሆነ መስሎ ታያቸው። «ይኸው!» ብዬ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ቀልቤን የወሰደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ምልልስ በእጅ የተጻፈ ሆኖ ሲቀርብ ነጥቧ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣችም። ወረቀት ላይ ነጥብ ያው ነጥብ ናት። ማንም አይቀየማትም።

እስኪ እሷ «እሺ»ን በእጇ ብትጽፍልኝስ ብዬ ላስብ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ለካ ጽሕፈቷን አይቼው አላውቅም።

ስንት ዘመን የቀረብኳት ሰው! ገና በሩ ሳይከፈት በኮቴዋ እለያታለሁ። የላከችው ቴክስት ስሟ ቢሸፈን እንኳ የእሷ መሆኑን አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ግን አጋድማ ትጻፍ አቁማ፣ አድቅቃ ይሁን አግዝፋ፣ እኔ እንጃ። ከዚያ ሌሎቹን ማሰብ ጀመርኩ። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ስንጻጻፍ የምንውል ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ የማውቀው ፊርማቸውን ብቻ ነው። ፊርማ ደግሞ ጽሕፈት አይደለም። የቸኮለ ሰው ጭረት ነው።

ትምህርት ቤት ሳለሁ ከፊቴ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ግን «ጠ»ዋ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ሦስቱንም እግር ከመስመሩ በታች ጎትታ ታወርዳቸው ነበር። ስሟ ጠፍቶኛል፣ ጠዋ አልጠፋችም። ደግሞ ያ ጽሕፈቱ ያማረለት ልጅ አለ፤ ለክፍሉ ወንድ ሁሉ የፍቅር ደብዳቤ ይገለብጥ የነበረው። ስንቷ ልጅ ወድዳ የነበረው የእሱን እጅ እንደሆነ እንጃ። ደብዳቤውን ያቀበላት ሌላ ነው።

የእኔስ? ብዬ ደብተር ፈለግኩ። የመጀመሪያው እስክሪብቶ ደርቋል፣ ሁለተኛው ጻፈ። ግማሽ ገጽ ሳልሞላ አውራ ጣቴ ሥር ያመኝ ጀመር። መሀል ላይ ደግሞ «ጽ» ነው «ፅ» ብዬ ተገትሬ ቀረሁ። ስልኬ ነዋ ሁሌ የሚመርጥልኝ! ጣቴን እያሸሁ ወደ እሱው ተመለስኩ። ፊንላንድ በ2016 ተያይዞ የሚጻፈውን ጽሕፈት ከትምህርት ቤት ግዴታ አውጥታ ኪቦርድ አጻጻፍን አስገባች። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2023 ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች እንዲማሩት በሕግ መለሰችው። ኖርዌይ ውስጥ 36 ተማሪዎች 256 መለኪያ የተሰካበት ቆብ አጥልቀው ሲጽፉ ተጠንተዋል። በእጅ ሲጻፍ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ በሰፊው ይገናኛሉ፤ በኪቦርድ ሲሆን ግን እንደዚያ አይደለም ይላል በ2024 የወጣው ውጤት። የሚያስቀው ግን «እስክሪብቶው» ዲጂታል፣ «ወረቀቱም» ስክሪን ነበር።

ለአንጎሌ ብዙም አልጨነቅም። የሚቆጨኝ ስርዝ ድልዙ ነው።

ትልቁ ወንድሜ ርቆ ሳለ የጻፈልኝ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መሀሉ ላይ አንድ መስመር ሰርዟል። መሰረዝ እንኳ አይባልም፣ ቀብሮታል። እስክሪብቶውን ከመደጋገሙ ብዛት ወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል። ከጀርባው በጣት ሲዳሰስ ይጎረብጣል። ከስርዙ በላይ «ስለ ገንዘቡ አታስቢ» ይላል። ከስርዙ በታች «ለማንኛውም እማዬን ሳሚልኝ» ይላል። መሀል ላይ ምን ነበር? «ለማንኛውም» ያስባለው ምንድን ነው?

ዛሬ ቢሆን አጥፍቶት የተጣራ መልእክት ነበር የሚደርሰኝ። አሁን የስርዝ ምትክ ሆና የቀረችን ያቺ «በመጻፍ ላይ…» የምትለው ነገር ናት። ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ብቅ ትላለች። አፍጥጠሽ ትጠብቂያለሽ። በመጨረሻ «ሰላም ነሽ?» ይመጣል። ለ«ሰላም ነሽ?» ያን ያህል ጊዜ አይጻፍም፤ ሌላ የተዋጠ ነገር ነበረ። ግን ምን ይያዛል? መሳቢያ ውስጥ አይገባ፣ በጣት አይዳሰስ።

ለምን እሱኑ አትጠይቂውም ትሉኛላችሁ። ብጠይቀው አውራ ጣት ነው የሚልክልኝ። ለልደትም አውራ ጣት፣ ታመምኩ ስለውም አውራ ጣት። እንዲያ ወረቀት ይበሳ የነበረ ሰውዬ!

ደብዳቤውን አውጥቼ አምፖሉ ላይ አስጠግቼ አየሁት። ወይ ፍንክች። ከዚያ ምን አደረግኩ? ማታውን ሙሉ ሳማው ያመሸሁትን ስልክ አንስቼ ፎቶ አነሳሁትና አጎላሁት። ብርሃን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ቀለሙን ገለበጥኩ። ይሄኔ ከስርዙ ሥር ሁለት ፊደል የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ «አል»።

አልመለስም? አልቻልኩም? አልፈርድባችሁም? ወይስ እንዲህ ልቤ ተሰቅሎ ያመሸው ስለ አልጋ መግዛት ሊያወራ ኖሮ ነው?